«ለሰባት ቀን ዕረፍት ይሰጣት»
ለነፍሰ ጡር ሠራተኞች በምንጽፈው የሕክምና ፈቃድ ወረቀት ላይ የቀረበ ሂስ

ሐኪም በሥራ ዘመኑ ከሚጽፋቸው ጽሑፎች ሁሉ ከሞያ ባልደረቦቹ ውጭ ብዙ አንባቢ የሚያገኘው የሕክምና ፈቃድ ወረቀት ሳይሆን አይቀርም። የሕሙማን ካርድ የሚነበበው በእኛው መካከል ነው፤ የመድኃኒት ማዘዣም ከፋርማሲ ባለሞያው እጅ አያልፍም። የፈቃድ ወረቀት ግን ከእጃችን ከወጣ በኋላ በክፍል ኃላፊው፣ በሰው ኃይል አስተዳደሩ፣ በደመወዝ ከፋዩ፣ ነገሩ ከከረረም በሥራ ክርክር ችሎት ይነበባል። ይህን ያህል አንባቢ ያለው ጽሑፍ ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የምንሰጠው ሆኖ መገኘቱ ያስገርማል። ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል የሰፈረ የበሽታ ስም፣ «ለሰባት ቀን ዕረፍት ይሰጣት» የምትል አንዲት መስመር፣ ፊርማና ማኅተም፤ በዚሁ ያበቃል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያችን አንዲት መስመር ነው፤ ያውም ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ በምትጻፍበት ጊዜ። ለጉንፋን ወይም ለወባ ስትጻፍ ብዙ ጉዳት የላትም። ለነፍሰ ጡር ሴት ስትጻፍ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ጥፋት ታደርሳለች። በአንድ በኩል ሴቲቱ በሕግ የተሰጣትን መብት ትሸፍንባታለች፤ በሌላ በኩል ደግሞ እኛ በቅጡ ያላሰብንበትን ሕክምና «ዕረፍት» በሚል ስም እንድናዝ ታደርገናለች።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ እዚህ የምናተኩረው በፋብሪካ፣ በእርሻ ልማት፣ በባንክ፣ በግል ክሊኒክና በመሳሰለው ተቀጥረው በሚሠሩት ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለታመመ ሠራተኛ አንድ በር፣ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ደግሞ ሌላ በር ከፍቶአል። የመጀመሪያው በአንቀጽ 85 እና 86 የተደነገገው የሕመም ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ በ12 ወራት ውስጥ ከስድስት ወር የማይበልጥ ፈቃድ ያገኛል። ክፍያውም ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት የደመወዙ 50 በመቶ ሲሆን፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ሁለተኛው በር አንቀጽ 88 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አሠሪው ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣታል፤ ከእርሷ የሚጠበቀው መመርመሯን የሚያስረዳ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ከመውለዷ በፊት እንድታርፍ ሐኪም ሲያዝም ዕረፍቱ ከክፍያ ጋር ነው። ከዚህ ሌላ ይወለዳል ተብሎ ከሚገመተው ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ሙሉ ደመወዟ እየተከፈላት ታርፋለች። በ1996 ዓ.ም. በወጣው በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377 የድኅረ ወሊድ ፈቃዱ 60 ቀን ብቻ እንደነበር ይታወሳል። ብዙዎቻችን ስለ ሕጉ ስንጠየቅ የምናነሣው ይህንኑ የ90 ቀን ለውጥ ነው። የእኛን ብዕር በቀጥታ የሚመለከተው ግን በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሰጠው የቅድመ ወሊድ ዕረፍት የሚናገረው ንዑስ አንቀጽ 2 ነው፤ ስለ እርሱ ሲወራ የሚሰማውም ከስንት አንዴ ነው።

በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ፈቃዱ ከአንድ ወር ሲያልፍ ነው። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ በዘጠነኛው ሳምንት እርግዝናዋ ላይ ያለች ሴትን እንውሰድ። ማቅለሽለሽ የአብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች ዕጣ ቢሆንም እርሷን የያዛት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች እስከ ሦስት በሚደርሱት ላይ የሚከሠተው ብርቱ ትውከት ነው፤ ክብደቷ ቀንሶአል፣ ሽንቷ ውስጥ ኪቶን ታይቶአል፣ ሁለት ጊዜ ተኝታ ግሉኮስ ወስዳለች። በድምሩ ስድስት ሳምንት ከሥራ ትቀራለች። ወረቀቷ ላይ የሰፈረው «ጋስትራይተስ» ወይም «ትውከትና የፈሳሽ ማነስ» ከሆነ፣ ደመወዝ ከፋዩ በየዋህነትም ቢሆን የሚከፍተው የመጀመሪያውን በር ነው። ከ30ኛው ቀን በኋላ ደመወዟ በግማሽ ይቀንሳል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ወልዳ የ90 ቀን ፈቃዷን ከጨረሰች በኋላ ጡቷ መግል ቋጥሮ ብትተኛ፣ የመጀመሪያው ሕመም ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 12 ወር ገና ስላልሞላ፣ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት አንድ ወር ቀድሞ ተበልቶአል፤ የምትጀምረው ከግማሽ ደመወዝ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ «ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ምክንያት» የሚሉ ጥቂት ቃላት ቢጨመሩ ኖሮ ስድስቱም ሳምንት ሙሉ ደመወዝ በተከፈለባት፣ የዓመቱ የሕመም ፈቃዷም ሳይነካ በቆየ ነበር። የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ብትሆን ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል፤ አንቀጽ 85 የሙከራ ጊዜን መጨረስ ግድ ሲል በአንቀጽ 88 ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልሰፈረም።

«እኛ ሐኪሞች እንጂ ጠበቆች አይደለንም» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕግ አውጪው ሁለተኛውን በር የሚከፍት ቁልፍ ያስቀመጠው በጠበቃ እጅ ሳይሆን በሐኪም እጅ ነው። ያለ እኛ ትእዛዝ ንዑስ አንቀጹ አይሠራም። የሕመሙን ምክንያት በትክክል መጻፍም ከሞያችን ውጭ የሆነ የሕግ ሥራ ሳይሆን የምርመራ ውጤትን በሥርዓቱ የመግለጽ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለሞያችን ይበልጥ የቀረበ፣ ምናልባትም ይበልጥ የሚቆረቁር ነው። ለመሆኑ «ዕረፍት» ስንል ምን ማለታችን ነው? በቀጠሮ ክፍል፣ በድንገተኛ ክፍል፣ በግል ክሊኒክ ትንሽ ደም ላየች ሴት፣ የደም ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት፣ ሆዷ ላይ መጠንከር ለሚሰማት ሴት፣ መንታ ላረገዘች ሴት ሁሉ ያው «ቤድ ሬስት» ይታዘዛል። መድኃኒት ብናዝ መጠኑን፣ ጊዜውን፣ ጉዳቱን እንጠይቃለን፤ ዕረፍትን ግን ጉዳት እንደሌለው ጠበል እንቆጥረዋለን።

ማስረጃው ይህንን አይደግፍም። ውርጃ ያሰጋት ሴት አልጋ ላይ በመዋሏ ፅንሱ መትረፉን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚደርሱት ውርጃዎች ግማሽ ያህሉ ከክሮሞሶም ጉድለት የሚመነጩ መሆናቸውን ስናስብም ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ያለ ጊዜው መውለድን ለመከላከል አልጋ ላይ መዋል ይጠቅማል የሚለውም ልማድ በጥናት ሲመዘን ድጋፍ አላገኘም፤ የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለዚህ ዓላማ እንዳይታዘዝ ይመክራል። የደም ግፊትን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል ሲባል ቤት ውስጥ ማረፍን እንደማይመክር፣ ግፊታቸው ከፍ ላለ ነፍሰ ጡሮችም ጥብቅ የአልጋ ዕረፍት የእርግዝናውን ውጤት ለማሻሻል ተብሎ እንዳይታዘዝ በግልጽ አስፍሮአል።

ጉዳት የለውም ማለትም አይቻልም። እርግዝና በራሱ ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋቱን አደጋ ከአራት እስከ አምስት ጊዜ ያህል ያሳድገዋል፤ ሴቲቱ ለሳምንታት ሳትንቀሳቀስ ስትተኛ አደጋው ይጨምራል። ጡንቻ ይላላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ መንፈስ ይጨልማል። በካርድ ላይ የማይጻፍ ሌላም ጉዳት አለ። «ከአልጋ እንዳትነሺ» የተባለች ሴት ፅንሱ ከወረደ ምክንያቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች፤ «እንጀራ ልጋግር ብዬ የተነሣሁ ዕለት ነው» ትላለች። ባሏም፣ አማቷም እንዲሁ ይላሉ። ከክሮሞሶም ጉድለት የመነጨን ውርጃ በምጣዱ ላይ ያሳበብነው እኛው ነን።

ከሁሉም የከፋው ግን የፈቃድ ወረቀቱ የክትትልን ቦታ ሲይዝ ነው። በ32ኛው ሳምንት ግፊቷ 150 በ100 ሆኖ የተገኘች ሴት «የ15 ቀን ዕረፍት» ተሰጥቶአት ወደ ቤቷ ስትሄድ ሕክምና ያገኘች ይመስላታል፤ አሠሪውም፣ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ እኛም እንደዚያ ይመስለናል። እነዚያ 15 ቀናት ግን በትክክል አደጋ የሚያንዣብብባቸው ቀናት ናቸው። የሚያስፈልጋት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለካ ግፊት፣ የሽንት ፕሮቲን፣ የፕላትሌትና የጉበት ምርመራ፣ የፅንሱ እድገት፣ እንደ አስፈላጊነቱ የግፊት መድኃኒትና ራስ ምታት፣ የዐይን ብዥታ ወይም ከጨጓራ ላይ ሕመም ሲመጣ በዚያው ዕለት የምትመጣበት ግልጽ መመሪያ ነው። ፕሪኤክላምፕሲያ በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ አይኖርም። ፈቃድ መስጠቱ ለክትትሉ ጊዜ ያስገኝላት እንደሆነ ተገቢ ነው፤ የቀጠሮው ቀን ያልተጻፈበት የ15 ቀን ፈቃድ ግን ከሐኪም ዐይን የምትርቅበት የ15 ቀን ፈቃድ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ነፍሰ ጡር ሴት ፈቃድ አያስፈልጋትም ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ብርቱ ትውከት የያዛት፣ እንግዴ ልጁ የማኅፀኗን በር ሸፍኖ የደማች፣ በደም ማነስ የደከመች ሴት መሥራት አትችልም። ጭቅጭቁ «ዕረፍት ትውሰድ ወይስ አትውሰድ» የሚል አይደለም። ብዙ ጊዜ ታማ የመጣች የምትመስለን ሴት የታመመች አይደለችም፤ ያልተስማማት ሥራው ነው። እዚህ ላይ ከእኛ መካከል ስንቱ «ምን ሥራ ትሠሪያለሽ?» ብሎ እንደሚጠይቅ መታዘብ ይበቃል። በካርዱ ላይ «ሥራ» ከሚለው ቃል ፊት ያለው ባዶ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይቀራል፤ ከተሞላም «የግል ሠራተኛ» ይላል። የግል ሠራተኛ ማለት በዝዋይ ወይም በሆለታ የአበባ እርሻ ፀረ ተባይ የተረጨበት ግሪን ሐውስ ውስጥ የምትገባ ልትሆን ትችላለች፤ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቀኑን ሙሉ በአንድ መስመር ላይ የምትውል ልትሆን ትችላለች፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይም ልትሆን ትችላለች። ለሦስቱም ያው «ሰባት ቀን» ሲጻፍ፣ ለአበባ ሠራተኛዋ ስምንተኛው ቀን ወደዚያው ግሪን ሐውስ የምትመለስበት ቀን ነው።

ለዚህ ሕጉ መልስ አለው፤ እኛ ግን ብዙም አልተጠቀምንበትም። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም ማዘዝን ይከለክላል። ሥራው ለእርሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያደርጋል። በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም አሠሪው የሥራ ውሏን እንዳያቋርጥ ይከለክላል። እንግዲህ «የሌሊት ፈረቃ እንዳትመደብ፣ ፀረ ተባይ በተረጨበት ቦታ እንዳትገባ፣ ከባድ ዕቃ እንዳታነሣ» ብሎ መጻፍ የሐኪሙ ሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሰባት ቀን ዕረፍት ይልቅ ለእርሷም ለአሠሪዋም የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እርሷ ደመወዟንና ሥራዋን አታጣም፣ አሠሪዋም ሠራተኛውን አያጣም።

የሌሊት ሥራ ጉዳይ እኛኑም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዴንማርክ የወጣ፣ አብዛኞቹ የሆስፒታል ሠራተኞች የሆኑ ከ22 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን ያጠቃለለ ጥናት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሌሊት የሠሩ ሴቶች ከስምንተኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ በሚቀጥለው ሳምንት ውርጃ የሚያጋጥማቸው ዕድል 32 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አመልክቶአል። ጥናቱ የክትትል ጥናት በመሆኑ መንሥኤና ውጤትን በፍጹም እርግጠኝነት አያገናኝም፤ ከፍ ያለው ዕድልም ለአንዲት ሴት ሲሰላ ያን ያህል ትልቅ ቁጥር አይደለም። ይሁንና ነርሶቻችን፣ አዋላጆቻችንና ሬዚደንት ሐኪሞቻችን ሆዳቸው እስኪገፋ ድረስ ሌሊት ተረኛ የሚሆኑበትን የተራ ሰሌዳ የምናወጣው እኛው ራሳችን መሆናችንን ሳናስታውስ ስለ ፋብሪካ አለቆች ጭካኔ ባንናገር ይሻላል።

ሌሎች አገሮች ይህን ልዩነት እንዴት እንደያዙት መመልከት ይጠቅማል። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከተጠኑት ነፍሰ ጡሮች ሦስት አራተኛው በእርግዝናቸው ጊዜ የሕመም ፈቃድ እንደወሰዱ አሳይቶአል፤ ጤናው እንዲህ የተሟላ ሕዝብ ይህን ያህል ታሞ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የዚያው አገር ሕግ ግን ሳትታመም ሥራዋ ለፅንሱ የሚያሰጋትን ሴት ለይቶ፣ አሠሪው ሥራውን ማስተካከል ወይም መቀየር ካልቻለ በሕመም ስም ሳይሆን በተለየ የእርግዝና ክፍያ ከማኅበራዊ ዋስትና ይከፍላታል። ፈረንሳይ ከቅድመ ወሊዱ ፈቃድ በተጨማሪ ከእርግዝና ለሚመነጭ ሕመም ሐኪም የሚያዘው እስከ 14 ቀን የሚደርስ ፈቃድ አላት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183ም በእርግዝና ምክንያት ለሚመጣ ሕመም በሐኪም ማስረጃ የሚሰጠውን ፈቃድ ከወሊድ ፈቃዱ ለይቶ አስቀምጦታል። የእኛ አንቀጽ 88 ሐሳቡን ከእነዚህ አያሳንስም፤ የሚያንሰው አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ስለ ወረቀቱ ቋንቋና ምስጢር ጥቂት ልጨምር። የበሽታውን ስም በዝርዝር መጻፍ ለአሠሪው አስፈላጊ አይደለም፤ አስነዋሪ ሊሆንም ይችላል። የሰው ኃይል አስተዳደር ጸሐፊ ሴቲቱ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንዳስወረዳት ወይም ምን ቫይረስ እንዳለባት የምታውቅበት ምክንያት የለም። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ መሆኑ ብቻ ይበቃል። ይህም ቢሆን እርግዝናዋን ለአሠሪዋ ገና ላልገለጸች ሴት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ልንጠይቃት፣ ሁለቱ በሮች ምን እንደሚያስገኙላትና ምን እንደሚያሳጧት ልንነግራት፣ ምርጫውንም ለእርሷ ልንተው ይገባል። በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል የተጻፈ ወረቀት ምስጢር የሚጠብቅ ይመስለናል፤ በእጅ ስልክ ፈልጎ ትርጉሙን ለማግኘት ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በአማርኛ የተጻፈ፣ የማያሻማ ወረቀት ከሦስት መስመር አይበልጥም፦ «ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ምክንያት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ እንድታርፍ ታዝዞአል። ወደ ሥራ ስትመለስ እስክትወልድ ድረስ የሌሊት ፈረቃ እንዳትመደብ፣ ከባድ ዕቃም እንዳታነሣ። ለሚቀጥለው ክትትል በዚህ ቀን ትቀርባለች።» የክትትሉ ቀን መጻፉ ሁለት ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ መክሮ፣ የአገራችንም መመሪያ ይህንኑ ተቀብሎአል፤ ስምንት ጊዜ ከሥራ መቅረት ስምንት ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው ሳይሰጣት ወደ ሥራዋ የተመለሰች ሴት ግማሽ ቀኗ ሲቆረጥ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመጣ ትችላለች፤ እኛም «ክትትሉን አቋረጠች» ብለን እንጽፋለን።

ይወለዳል ተብሎ የሚገመተውን ቀን በሚመለከትም ጥንቃቄ ያሻል። የ30 ቀኑ ፈቃድ የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ወደ ኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ የሚሳሳተው በሳምንት ገደማ ሲሆን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተነሣው ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ በእጇ እያለ በ36ኛው ሳምንት አዲስ ቀን መስጠት በአሠሪዋ ዘንድ ሐሰተኛ ያስመስላታል። በእርግጥ ሕጉ በ30 ቀኑ ውስጥ ካልወለደች እስክትወልድ ድረስ ፈቃድ እንዲጨመርላት አድርጎአል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው የሚጠይቃትን ማስረጃ ግን የምንጽፈው እኛ ነን።

አሠሪዎች ወረቀታችንን በጥርጣሬ የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለወዳጅ የሚጻፍ፣ በገንዘብ የሚገኝ «ሲክ ሊቭ» መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ጥርጣሬውን የሚያባብስ ሌላ ነገር ግን በሕጉ ውስጥ ራሱ አለ። በአንቀጽ 88 የሚሰጠውን ክፍያ ሁሉ የሚሸከመው አሠሪው ብቻውን ነው፤ ሸክሙን የሚካፈል የማኅበራዊ ዋስትና የወሊድ ፈንድ የለንም። አምስት ሴቶችን የቀጠረ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት የሁለቱን የወራት ደመወዝ ሲከፍል ቀጣዩን ቅጥር ወንድ ቢያደርገው አስገራሚ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ ሸክሙ በአንድ ቀጣሪ ትከሻ ላይ ብቻ ይውደቅ አላለም።

ሕጉ «ሐኪም» ማለቱም የጤና ጣቢያዎቻችንን እውነታ ያላየ ነው። የእርግዝና ክትትሉን የሚሠሩት በአብዛኛው አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው። ከምርመራው የወጣችው ሴት ለአንዲት ፊርማ ስትል ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ተሳፍራ፣ አዲስ ካርድ አውጥታ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ትውላለች፤ የሚፈርምላትም ያልመረመራት ሰው ነው። የማኅበራችን አባላት በዚህ ላይ ከጤና ሚኒስቴርና ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባው፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ጉዳይ ነው።

የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከሁለቱም በሮች ውጭ ቆማለች። አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ ሥራ ላይ የተመሠረተ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ አውጥቶ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። እርሷ ወረቀታችንን ይዛ ብትሄድ የሚያነብላት የሰው ኃይል አስተዳደር የለም፤ ያላት እመቤቷ ብቻ ናት። ለእርሷ ከወረቀቱ ይልቅ እመቤቷን አስጠርቶ ወይም ስልክ ደውሎ፣ ሴቲቱ ስትፈቅድ ብቻ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን እንዳታነሣና ለቀጠሮዋ እንድትለቀቅ መንገር ይሻላል። ይህን የሚያደርጉ አዋላጆች አሉ፤ በየትኛውም ቅጽ ላይ የሚመዘገብ ሥራ ግን አይደለም።